አንድ ከተማ አንድ መጽሐፍ ሲያነብ እኛ ለምን ቀረን?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ባለፈው እትማችሁ ላይ የፈረንጅ ልብወለድ ለኛ ምን ይረባናል የሚለውን ደብዳቤ አንብቤ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው የምጽፈው። ወንድማችን የሚሉት ባጭሩ ይሄ ነው፣ የሰፈራችን ላይብረሪ ሁላችንም አንድ መጽሐፍ አብረን እናንብብ ብሎ ባወጣው ፕሮግራም «ዘ ግሬት ጋትስቢ»ን መርጧል፣ መጽሐፉ የዛሬ መቶ ዓመት የነበረ የሀብታም ፈረንጅ ወሬ ነው፣ ልጆቻችን ገና የሀገራቸውን ደራሲ ሳያውቁ በዚህ ጊዜ ማጥፋት የለባቸውም፣ ስለዚህ አበሻ ዝግጅቱ ላይ ባይታይ አይፈረድበትም። አበሻ አለመታየቱን እኔም አልክድም፣ ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የቀረነው መጽሐፉ የፈረንጅ ስለሆነ ነው እንዴ? የቀረነው ውይይቱ ማክሰኞ ረፋድ በነሱ 11 ሰዓት ላይ ስለሆነ ነው። በዛ ሰዓት ግማሹ ሰው ሺፍት ላይ ነው፣ ግማሹ ከሌሊት ሺፍት ገብቶ ተኝቷል፣ የቀረው ደሞ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ ወደ ሁለተኛ ስራው እየሮጠ ነው። ፍላየሩም በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የተለጠፈው፣ እሱም ላይብረሪው በር ላይ፣ ላይብረሪ የማይሄድ ሰው እንዴት አርጎ ይየው?

ነገሩን ላልሰማ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ይሄ አንድ ከተማ ባንድ ጊዜ አንድ መጽሐፍ ያንብብ የሚባለው ሀሳብ በ1998 (የምጠቀመው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው) ሲያትል ላይ ናንሲ ፐርል የምትባል የላይብረሪ ባለሙያ ጓደኞቿን ይዛ የጀመረችው ነው። በ2001 ቺካጎ ተከተለች፣ የሃርፐር ሊን «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» መርጠው ከተማው ሁሉ እንዲያነበው ቀሰቀሱ፣ ከዛ ወዲህ ሌላውም ከተማ እየተከተለ ትንሽ ትልቁ የራሱን አወጣ። ኒውዮርክ በ2002 እኔም ልሞክር ብላ አስመራጮቹ በሁለት መጽሐፍ መሀል ተጣልተው ነገሩ ሳይሳካ ቀረ። ኮሚቴ ውስጥ መጣላት የኛ ሰው ብቻ ባህሪ ለሚመስላችሁ ነው ይቺን ያነሳሁት። በ2004 ደሞ ናሽናል ኢንዶውመንት ፎር ዘ አርትስ የሚባለው የመንግስት መስሪያ ቤት ጥናት አወጣ፣ ልብወለድም ይሁን ግጥም ወይ ቲያትር አነባለሁ የሚል አዋቂ አሜሪካዊ 46.7 ፐርሰንት ሆኖ ተገኘ፣ ከግማሽ በታች ማለት ነው። ደንግጠው በ2006 ቢግ ሪድ የሚባል ፕሮግራም በ10 አካባቢዎች ሞከሩ፣ መጀመሪያ ከመረጧቸው አራት መጽሐፎች አንዱ ይሄው ጋትስቢ ነው። እና የኛ ሰፈር ላይብረሪ ከሰማይ ያወረደው ነገር የለም፣ መጽሐፉ በ2025 100 ዓመቱን ስለደፈነ በዛው አያይዞ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ጋትስቢ ራሱ እንዴት ታዋቂ እንደሆነ ወንድማችን ቢያውቁ ደብዳቤያቸውን ትንሽ ያለዝቡት ነበር ብዬ አስባለሁ። ስኮት ፊትዝጄራልድ በ1925 ሲያሳትመው መጀመሪያ 20,870 ኮፒ ወጣ፣ ቀጥሎ 3,000 ጨመሩ፣ ከሁለተኛው እትም ግን ሰውዬው በ1940 በ44 ዓመቱ ሲሞት ገና ያልተሸጠ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከሸፈ ብሎ ነው የሞተው። ታዲያ ምን ተገኘ? ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ ለአሜሪካ ወታደሮች በነፃ የሚታደል፣ ዩኒፎርም ኪስ ውስጥ የሚገባ ትንንሽ መጽሐፍ መታተም ጀመረ፣ ከነሱ ውስጥ ጋትስቢ አንዱ ሆኖ 155,000 ኮፒ ያህል ለወታደሩ ሄደ። እስቲ አስቡት፣ በ1925 ከታተመው ስድስት እጥፍ በላይ ነው! መርከብ ላይ ያለ፣ ሆስፒታል የተኛ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተራ የሚጠብቅ ወታደር አነበበው። ወታደሩን ማክሰኞ ረፋድ ላይብረሪ ና ያለው ማንም የለም፣ መጽሐፉ ነው ያለበት ድረስ የሄደለት።

እኛስ ብንሆን ይሄ አዲስ ነገር ነው? የሀዲስ አለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ስንቶቻችን ነን መጽሐፉን ገዝተን ያነበብነው? ብዙ ሰው እኮ የሚያውቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ ነው። የኛ ግቢ ውስጥ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ስለ ጉዱ ካሳ ሲከራከሩ ነው ያደግኩት፣ ፊታውራሪ መሸሻን ሲረግሙ፣ ለሰብለ ወንጌል ሲያለቅሱ፣ ሬዲዮ የሌለው ጎረቤት መጥቶ ደጃፍ ላይ ቁጭ ይላል፣ በማግስቱ ወፍጮ ቤት ወሬው እሱ ነው። ሲያትል ገና ሳታስበው እኛ ሀገር አንድ መጽሐፍ ላንድ ህዝብ ተነቦ ነበር፣ ኮሚቴም ፍላየርም ሳይኖረው። ስለዚህ አበሻ ማንበብ አይወድም፣ የፈረንጅ አይሆነውም ምናምን የሚባለው ለኔ አይዋጥልኝም። አበሻ በጆሮው ያነባል፣ ከዛ ደሞ ካላወራበት አይሆንለትም።

እኔ ሾፌር ነኝ። ጋትስቢን የጨረስኩት በኦዲዮ ነው፣ ሊቢ በሚባለው የላይብረሪ አፕ አውርጄ ደለስ ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ። ሙሉው 5 ሰዓት ገደማ ነው፣ ምዕራፉም 9 ብቻ። አንድ ቀን መስኮቴን ከፍቼ እየሰማሁ ጎኔ የቆመው ልጅ «ምንድነው ይሄ ትረካ?» አለኝ፣ ነገርኩት፣ ገና ከመጀመሪያው አልነበረም የሰማው ግን ከመኪናው ወርዶ በሩን ተደግፎ ምዕራፉ እስኪያልቅ ቆመ፣ ተራችን ደርሶ ሁዋላ ያሉት ጥሩምባ ሲያቀልጡብን ነው የሄድነው። ያ ቦታ ላይ ቀኑን ሙሉ ፖለቲካ እየተነሳ ሰው የሚኳረፍበት ነው፣ ከቴርሞስ ቡና እየተቀዳ። አምስት ሰዓት ሙሉ የሚሰማ ነገር ቢኖር የማይሰማበት ምክንያት የለም።

የላይብረሪው ውይይት ላይም አንዴ ፈቃድ ወስጄ ሄጄ ነበር። አበሻ እኔና አንዲት እናት ከነልጃቸው ብቻ ነበርን፣ ልጅቷ 11ኛ ክፍል ናት፣ ትምህርት ቤት ቦነስ ነጥብ ስለሚሰጣት ነው የመጣችው፣ እናትየው ደሞ ልጃቸውን ሊያደርሱ መጥተው ውጪ ብርድ ስለሆነ ገብተው ቁጭ አሉ። አወያይዋ ስለ አረንጓዴው መብራት ትጠይቃለች፣ ያው ጋትስቢ ከባህሩ ማዶ የሚወዳት የዴዚ ቤት ጫፍ ላይ የሚበራውን መብራት ማታ ማታ ቆሞ ያያል፣ ትምህርት ቤት ሁሉም የሚጠየቀው ጥያቄ ነው፣ ሰዉም ህልም ነው ተስፋ ነው እያለ የተለመደውን ይመልሳል። ልጅቷ ለእናቷ በጆሮዋ እየተረጎመች ቀብሩ ጋ ደረሰች። (ያላነበባችሁ ይቅርታ፣ መጨረሻውን ልነግራችሁ ነው።) ያ ሁሉ ሰው በጋውን ሙሉ ቤቱ ሲበላ ሲጠጣ ሲጨፍር የከረመ፣ ጋትስቢ ሲሞት ቀብሩ ላይ አባቱ፣ ጎረቤቱ ኒክ፣ ጥቂት አገልጋዮቹና የሰፈሩ ፖስተኛ፣ ከዛ ሁሉ ተጋባዥ ደሞ አንድ መነጽራም ሰውዬ ብቻ ነው የተገኘው። ክሊፕስፕሪንገር የሚባለውማ፣ እዛው ቤት ተቀምጦ ሲቀለብ የኖረው ሰውዬ፣ ስልክ ሲደውል ኒክ ለቀብሩ መስሎት ነበር፣ እሱ ግን የቴኒስ ጫማዬን ረስቻለሁ ላኩልኝ ነው ያለው።

እናትየው አላስቻላቸውም። «እድር የለውም እንዴ ሰውየው?» አሉ ጮክ ብለው በአማርኛ። «ያን ሁሉ ሰው አብልቶ ቀባሪ ያጣል? ጫማዬን አለ? ጫማውን!» ልጅቷ አፍራ አንገቷን ደፋች፣ አወያይዋ ግን ምን አሉ ብላ አስተረጎመቻት፣ ልጅቷም እድር ምን እንደሆነ፣ ሰው ሲሞት ድንኳን እንደሚተከል፣ ንፍሮ እንደሚቀቀል፣ ያልመጣ እንደሚቀጣ አስረዳች። ከዛ በኋላ ስለ አረንጓዴ መብራት ያወራ ሰው የለም። አንድ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ ሽማግሌ ስንት ዘመን በጉርብትና የኖሩትን ሰው ሞት የሰሙት ቤቱ ላይ የሚሸጥ ምልክት ተተክሎ ሲያዩ እንደሆነ አወሩ፣ ሌላዋ ቀጠለች፣ ሰዓቱ አልቆ የላይብረሪው ጥበቃ መጥቶ ነው ያስወጣን። ወንድማችን ለኛ ምን ይረባናል ላሉት፣ እኛም እኮ ለነሱ የምንረባው ነገር ነበር ክፍሉ ውስጥ፣ የማናይ ይሆናል እንጂ።

እኔን ደሞ የያዘኝ አባትየው ነው። ሄንሪ ጋትስ ከሚኒሶታ ቀብር ሊደርስ መጥቶ ልጁ የላከለትን የቤቱን ፎቶ ከቦርሳው ያወጣል፣ ጠርዙ የተሰነጣጠቀ፣ ከብዙ እጅ ብዛት የቆሸሸ ፎቶ። እዛው ቤት ውስጥ ቆሞ የቤቱን ፎቶ ለሰው ያሳያል! ከቤቱ ይልቅ ፎቶው እውነት ሆኖበታል። ይሄን ሳነብ የኔ አባት ትዝ ካላለኝ ምን ሰው ነኝ፣ አዲስ አበባ ጠላ ቤቱም እድሩም ጋ ስልኩን አውጥቶ «የልጄ ቤት ነው፣ አሜሪካ» እያለ ያሳያል፣ እኔ የቤቱን ብድር የምከፍለው እንዴት እንደሆነ እሱ አያውቅም፣ እኔም አልነግረውም። ስንቱ ነው እዚህ ለሰርግ አዳራሽ ተበድሮ፣ መኪና በሊዝ ወስዶ ፎቶ የሚልክ። ጋትስቢ ሀብታም ፈረንጅ ነው የሚሉት ወንድማችን መጽሐፉን ካነበቡት ዘንግተውታል መሰለኝ፣ ሰውዬው ከሰሜን ዳኮታ የመጣ የደሃ ገበሬ ልጅ ነው፣ ስሙን ሳይቀር ቀይሮ ነው ጋትስቢ የሆነው።

መጽሐፉ እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። የዴዚ ባል ቶም ገና ምዕራፍ አንድ ላይ እራት እየበላ ነጭ ካልተጠነቀቀ ሌላው ዘር ይውጠዋል እያለ ይለፈልፋል፣ እሱ እንኳን እንድንጠላው ሆኖ የተጻፈ ነው ይባል። የተራኪው የኒክ ግን ይከብዳል። ኩዊንስቦሮ ድልድይ ላይ ከጋትስቢ ጋር ወደ ማንሃታን ሲሄዱ ሊሞ ያልፋቸዋል፣ ሾፌሩ ነጭ፣ ውስጥ የተቀመጡት ዘናጭ ጥቁሮች፣ ኒክ በሳቅ ይፈርሳል፣ ይሄን ድልድይ ከተሻገርን ምንም ነገር ሊሆን ይችላል ይላል። እኔ ሾፌር ስለሆንኩ ነው መሰለኝ እዛ ጋ ኦዲዮውን አቆምኩት። በዚህ ጉዳይ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ የስራ ባልደረባዬን አንስቼበት ብዙ አወራን፣ ከሱ ጋር ከዛ በፊት ከሰላምታና ከትራፊክ ወሬ ያለፈ ነገር አውርተን አናውቅም። ዎልፍሻይም የሚባለው አይሁዳዊ የተሳለበትም መንገድ ያስቀይማል። ግን መጽሐፍ ስለምናከብረው ብቻ አይደለም የሚነበበው፣ ልንጣላውም እናነበዋለን።

ደሞ ሌላ ነገር፣ ስንቶቻችሁ ናችሁ ሮክቪል ፓይክ ላይ ስትመላለሱ ቅድስት ማርያም ካቶሊክ ቤተክርስቲያን ጎን ያለችውን ትንሽ መቃብር ያያችሁ? ሜትሮው አጠገብ ናት፣ መኪናው ግራ ቀኝ ይጮህባታል። ፊትዝጄራልድ እዛ ነው የተቀበረው፣ ከሚስቱ ከዜልዳ ጋር። የአባቱ ዘመዶች የሜሪላንድ ሰዎች ናቸው። በ1940 ሲሞት የካቶሊክ ቤተክርስቲያኗ ስርዓቱን የማይጠብቅ ሰው ነው ብላ እምቢ ስላለች ሌላ መቃብር ተቀብሮ በ1975 ነው ወደዚህ የተዛወረው። የራሱም ቀብር ላይ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር፣ እንደ ጋትስቢ። ድንጋዩ ላይ የመጽሐፉ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ተቀርጿል። እኔ በዛ መንገድ ስንት ዓመት ሰው ሳመላልስ ማንም ነግሮኝ አያውቅም፣ ያሳየኝ አንድ ተሳፋሪ ነው። የኛ ሰው ስንቱ በዛ ሰፈር ይኖራል፣ ልጆቻችንም ትምህርት ቤት ይሄንኑ መጽሐፍ ይፈተናሉ፣ ቅዳሜ ልጅን ይዞ ሄዶ ማሳየት ከሞል ይረክሳል።

የሀገራችን ደራሲስ ላሉት ደሞ መልሱ ሩቅ አይደለም። ይሄን ነገር የጀመረችው ሲያትል በ2008 ከተማው ሁሉ እንዲያነበው የመረጠችው የዲናው መንግስቱን ልብወለድ ነው፣ አዲስ አበባ ተወልዶ ኢሊኖይ ያደገው ልጅ የጻፈውን፣ ዲሲ ሎጋን ሰርክል ላይ ትንሽ ሱቅ ስለከፈተ ኢትዮጵያዊ። ፈረንጁ ላይብረሪ ሄዶ ስለኛ ባለሱቅ ተወያየ። ታዲያ እነሱ የኛን ሲያነቡ እኛ የነሱ ላይ በሩን ዘግተን ከቤት ከዋልን የሚቀጥለውን መጽሐፍ ሲመርጡ የኛን ደራሲ አስታውሱ የሚላቸው ማን ነው? መራጭ ኮሚቴ ውስጥ የሚገባው ውይይት ላይ የሚገኝ ሰው ነው፣ ሌላ መንገድ ያለው አይመስለኝም።

ስለዚህ ለላይብረሪውም ለናንተም የምጠይቀው አለኝ። ላይብረሪው አንዱን ውይይት እሁድ ከሰዓት ያድርገው፣ ቤተክርስቲያን ከወጣን በኋላ፣ ፍላየሩንም በአማርኛ አሰርቶ ገበያው ውስጥ፣ እንጀራ የሚሸጥበት ጋ ይለጥፈው፣ እዛ የማያልፍ አበሻ የለም። መስጊድም እንዲሁ። እድሮቻችን በየወሩ ስብሰባ አላቸው፣ ከመዋጮ በኋላ ግማሽ ሰዓት ስለ ጋትስቢ ቀብር ቢወራ እኔ እምላለሁ ከሂሳብ ሪፖርቱ በላይ ሰው ይነቃቃል።

ለናንተ ደሞ ይሄ ነው። ጋትስቢ ከ2021 ጃንዋሪ 1 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብቱ አልቋል፣ ማንንም ሳታስፈቅዱ በአማርኛ ተርጉማችሁ በተከታታይ ልታወጡት ትችላላችሁ፣ የሚከሳችሁ የለም። በየእትሙ አንድ ምዕራፍ፣ ረጅም ከሆነ ለሁለት ከፍላችሁ፣ ከስሩ ደሞ አንባቢ የላከውን አስተያየት። ያ እድር የለውም እንዴ ያሉት እናት አስተያየት ቢወጣ እኔ ጋዜጣውን አምስት ኮፒ ነው የምገዛው። የአማርኛ ሬዲዮ ያላችሁ ወዳጆቻችሁንም ጠይቁልን፣ ሰው መኪና ውስጥ በሚውልበት ሰዓት አስር አስራ አምስት ደቂቃ ትረካ ቢሰጡን ከማስታወቂያ መሀል እንኳን ቢሆን እንሰማለን። ተራኪ ከየት እናምጣ እንዳትሉ፣ ያ ደለስ ላይ መኪናዬን ተደግፎ የሰማው ልጅ ድሮ ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ አንባቢ ነበርኩ ብሎኛል፣ ድምጹም ወፍራም ነው፣ ማክሰኞና ሐሙስ ኦፍ ነው።

አክባሪያችሁ
አንድ ሾፌር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ (ስሜ ይቆይልኝ)